ለቀሚስ የተወጋሁት መርፌ

ዘውድ ጭኜ ከመቅደሱ ደጃፍ ወደ ኋላ ስመለስ ሦስት መቶ ሰው አየኝ። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ምን እንዳሰበ አውቃለሁ። እነሱን አልቀየማቸውም፤ ድሮም ከሰው ነውር ሌላ የሚያላምጡት የላቸውም። የማልረሳው የአንዱን ነው። ያ አንዱ እንደኔው ዘውድ ጭኖ አጠገቤ የቆመው፣ ባሌ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ የቀረው እያሱ ነበር።

ግን ከዚህ አልጀምርም፤ እናንተም እንደነሱ ፈርዳችሁ ትቀመጣላችሁ።

ስሜ ትዕዛዝ ነው፤ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ሻርጃ ውስጥ በአንዲት ማዳም ቤት ስድስት ዓመት አብስያለሁ። የቤት ሠራተኛ ብትሉኝ አልሞትም። ሞት የሚመስላት የእያሱ እህት ሕሊና ናት። ሕሊና ዱባይ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ለወዳጆቿ ስታስተዋውቀኝ «ሼፍ ናት» ነው የምትለው። አንድ ቀን አንዷ «የት ሆቴል?» ብላ ስትጠይቃት የሳለችው ሳል እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

እያሱን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ማዳም እሑድ እሑድ ትለቀኛለች። ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ምሳ የምናቀርበው እኛ ሴቶቹ ነን። እሱ የሕንፃ ኢንጂነር ነው፤ የሚኖረው እዚያው ሻርጃ፣ አል ተዓውን፣ የሚሠራው ዱባይ፣ የዕድሜውን እኩሌታ በሁለቱ መካከል መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚፈጅ ሰው። አንድ እሑድ ለምስር ወጤ ሦስት ጊዜ ተሰለፈ። በሦስተኛው ቀና ብዬ ሳየው የቀድሞው ምስር ሳህኑ ላይ እንዳለ ነው።

«ምነው፣ አልጣመህም?» አልኩት።

ላብ በላብ ሆነ። «ጠግቤያለሁ» አለኝ። «ሰልፉን ነው የፈለግሁት።»

ወይ ሞኝ! ሞኝነቱን ወደድኩለት።

እኔ ቀጭን ሆኜ አላውቅም። ያገሬ ሰው «ደልደል ያለች» ይለኛል፤ ምርቃት ነው። እያሱ ደግሞ «አንቺ ስትገቢ ቤቱ ይሞላል» ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ቃል ስሞቅ ኖርኩ። እጄን ከመያዝ አላለፈም፤ እኔም አላሳለፍኩትም። የንስሐ አባታችን መምሬ እሸቱ ፊት ቀርበን በተክሊል ልንጋባ ቃል ገባን። ተክሊል የድንግሎች ነው፤ ዘውድ ተጭኖ፣ በዚያው ጠዋት ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ ነው ጋብቻው የሚፈጸመው። ስድስት ዓመት በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ራሴን እንዴት እንደጠበቅሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው እያሱ በቴፕ ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ማዳም በር ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን፣ ስኳር እንደሰረቀ ልጅ ፈገግ እያለ አቀበለኝ።

«ስትከፍቺው እኔን አስቢኝ» አለኝ።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ደስታዬ አሳፍሮኝ።

ክፍሌ ገብቼ ከፈትኩት። ከአዲስ አበባ የመጣ የሐበሻ ቀሚስ፤ ነጭ፣ ጥልፉ ወርቅማ፣ ዓይን የሚያፈዝ። ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ቆመ። ሳብኩት፣ ስፌቱ ጮኸ። አውልቄ ሳጥኑ ውስጥ ልመልሰው ስል ከታች አንዲት ካርድ አገኘሁ። በሚያምር፣ ቀጥ ባለ የብዕር ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ለሠርግሽ እንዲሆንሽ አድርገሽ ጠብቂ። ሰው ፊት እንዳናፍር።»

እዚህ ላይ ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ሁለት ዓመት የወደድኩትን ሰው የእጅ ጽሕፈት አላውቅም ነበር። የኛ ፍቅር ዋትሳፕ ነው፤ ልብ፣ አበባ፣ «ደርሻለሁ»፣ «በላሽ ወይ»። ሳጥኑን ያመጣው እሱ፣ «እኔን አስቢኝ» ያለው እሱ፣ እንግዲህ ሌላ ማን ይጻፈው? ኢንጂነር አይደል፣ ጽሕፈቱ ያማረ ነው አልኩ። ለምን አልጠየቅሽውም ትሉኛላችሁ። ኩራቴ ነዋ! ወፍረሻል ያለኝን ሰው፣ እውነት ወፍሬያለሁ ወይ ብዬ ልለማመጠው ኖሯል? «ቤቱ ይሞላል» ያለኝ ትዝ አለኝና፣ ለካ ሲሰድበኝ ኖሯል ብዬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መርፌውን አውቀው ነበር። ማዳሜ ስኳር አለባት፤ ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ብሏት ሳሎን ነበር የምትተኛው። ሐኪሟ ደሟን መርምሮ፣ ኩላሊቷን አይቶ፣ የቤተሰቧን በሽታ ሳይቀር ጠይቆ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጋ እስክሪብቶ የመሰለ መርፌ አዘዘላት። ሐሙስ ሐሙስ ሆዷ ላይ የምወጋት እኔ ነበርኩ። ከትንሿ መጠን ተጀምሮ በየወሩ ትንሽ ከፍ እየተደረገ ትልቋ ላይ ለመድረስ አምስት ወር ፈጀ። መቼም አልዋሽም፤ መድኃኒቱ ማዳሜን ሰው አድርጓታል። ስኳሯ ወረደ። አንድ ቀን ጠዋት ሳልደግፋት ደረጃውን ወጥታ፣ ከፎቅ ላይ ሆና «ያላ ትዕዛዝ፣ ነይ እዪኝ!» ብላ ስትጮህ አብሬያት ነው ያለቀስኩት።

እኔ ግን ስኳር የለብኝ፣ ጉልበቴን አላመመኝ። በሽታዬ ቀሚስ ነበር፤ ለቀሚስ የሚያዝ ሐኪም ደግሞ የለም። ስለዚህ ከሻርጃ አጠገብ ያለችው ዓጅማን ሄድኩ።

ዓጅማን ጓደኛዬ ኑኑ ቢድ ስፔስ ይዛ ትኖራለች። ቤቱን ተከራይታ አልጋ አልጋውን የምታከራያቸው ጦይባ ናት። ጦይባ የማትሸጠው የለም፤ ሽቶ፣ የፀጉር ቅባት፣ ሻንጣ፣ አሁን ደግሞ መርፌ። ከፍሪጇ ውስጥ፣ ከእርጎና ከቲማቲም መሐል አውጥታ አሳየችኝ። ሳጥኑ ላይ የሐኪም ስም የለ፣ የበሽተኛ ስም የለ።

«ከትንሿ ነው የሚጀመረው፤ የማዳም ሐኪም እንደዚያ ነው ያደረገው» አልኳት።

«ሠርግሽ መቼ ነው?»

«ስምንት ሳምንት ቀርቶታል።»

«በትንሿ ከጀመርሽማ ለልጅሽ ክርስትና ትደርሺያለሽ!» ብላ ሳቀች። «ዋላሂ ትልቋን ውሰጂ።»

ኑኑ እጄን ያዘችኝ። «ተይ አንቺ፣ በገዛ ፍሉስሽ ሙሽኪላ፣ ጣጣ፣ አትግዢ።»

አልሰማኋትም። ማዳም በአምስት ወር የወጣችውን መሰላል እኔ ከጫፉ ጀመርኩ። አምስት ወር ሙሉ በዚህ በገዛ እጄ መጠኑን እየለካሁ የወጋሁ ሴት! የማላውቅ ብሆን እንኳ ያልታደለች ተብዬ ይታዘንልኝ ነበር።

በማግስቱ ጀመረኝ። ያገሳኛል፤ ግሳቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሁዳዴ ነው እኮ፣ እንቁላል በዓይኔ አላየሁም! አንጀቴ ሳምንት ሙሉ አይላወስም፤ ሲላወስ ደግሞ አያስቀምጥም። ሽንኩርት ሲቁላላ ከወጥ ቤት እሮጣለሁ፤ አብሳይዋ ከሽንኩርት ስትሸሽ ማዳም «ምን ነካሽ?» ትላለች፣ «ጾም ነው» እላለሁ። ሳበጥር ፀጉሬ በእፍኝ ይወጣል። ቀሚሱ ግን ወረደ። መጀመሪያ ትከሻዬን አለፈ፣ ከዚያ ደረቴን፣ በስድስተኛው ሳምንት ዳሌዬን። ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ «ብዪ ብዪ» ሲለኝ የኖረው ድምፅም ጠፋ። የሱ መጥፋት፣ ልካደው አልችልም፣ ደስ ይል ነበር።

የሰውን ነገር ብትሰሙ! አንድም ሰው «ታማለች» አላለም። ሁዳዴ ነዋ። «ጾሙ እንዴት አማረብሽ!» ይሉኛል። እናቶች ጉንጬን እየሳሙ «ስግደቱ ነው፣ ፊቷን አበራው» ይባባላሉ። ከጦይባ ፍሪጅ የወጣውን ጉድ ጸጋ አደረጉት። እኔስ ምን አልኩ? አንገቴን ሰበር አድርጌ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ብዙ ሰው ንቄያለሁ በሕይወቴ፤ ያችን አንገቷን የሰበረች አስመሳይ ያህል ግን ማንንም አልናቅሁም።

እያሱ ከወንዶቹ ወገን ቆሞ ያየኝ ነበር። ዓይኑ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይመለሳል። አንድ እሑድ ጠጋ ብሎ «ትዕዛዝዬ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

«እንዴት ነው፣ አሁንስ አላሳፍርም?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ያስመሰለ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩበት። እሱም አልገፋም፤ መቼ ገፍቶ ያውቃል። ሁለታችንም የየራሳችንን ቅሬታ ይዘን ወደ ሠርጋችን ሄድን።

ከሠርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ሕሊና አል ተዓውን እያሱ ቤት ዘመድ ሰበሰበች። ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ነው፤ ዶሮ ቀረበ። ሰው ዓይኑን ጥሎብኝ አምስት ጉርሻ ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ውሃም አልቀመስኩ፤ ለቁርባን አሥራ ስምንት ሰዓት ይጾማል። በማንም ሆድ አሥራ ስምንት ሰዓት ለአምስት ጉርሻ ይበቃል። በኔ ሆድ ግን መርፌው በሩን ዘግቶት ነበር።

እሑድ ጠዋት ካባ ለበስን፣ ተቀባን፣ ዘውድ ጫንን። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው! ቀሚሱ ልክክ ብሏል፤ ሕሊና ከፊት ቆማ በስልኳ ትቀርጻለች። ቅዳሴው እኩሌታ ላይ ሲደርስ የትናንቶቹ ጉርሻዎች መነሣት ጀመሩ። አፌን ምራቅ ሞላው። ላቤ ከዘውዱ ሥር በጆሮዬ በኩል ወረደ። ዋጥኩት፤ ተመልሶ መጣ።

ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው አፉን በነጠላ ይሸፍናል፤ ምራቁን እንኳ አይተፋም። የተቀበሉትን ማስመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ደግሞ እንደማስመልስ አውቄዋለሁ። ምናልባት አይደለም፣ እርግጥ ነበር።

እያሱ ቀደመኝ። ተቀበለ፣ አፉን ሸፈነ፣ ወደ ጎን ቆመ። ተራዬ ሆነ። መምሬ እሸቱ ዓይናቸውን ወደኔ አነሡ፤ ዲያቆኑ ጽዋውን ይዞ ይጠብቃል። አንድ እርምጃ ናት። ብራመዳት ሚስት እሆናለሁ፣ ሕሊናም አፏን ትይዛለች፤ ግን አምላኬን መሬት ላይ አፈሰዋለሁ። ብመለስ፣ በተክሊል የቆመች ሙሽራ ከጽዋው ስትመለስ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ለእልልታ የተከፈቱት አፎች እንደተከፈቱ ቀሩ። ዞሬ እያሱን አየሁት። አፉ ተሸፍኗል፤ መናገር እንደማይችል አውቃለሁ፣ እንዲናገርም አልጠበቅሁም። የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር። በዚያ ዓይኑ አንዴ «አይዞሽ» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎታል።

ከአዳራሹ ጀርባ ወጥቼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ኑኑ ካባዬን ሰብስባ ግንባሬን ያዘችልኝ። ቅዳሴው ሲፈጸም መምሬ እሸቱ መጡ፤ ኑኑን ፈቀቅ በይ አሏትና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ሁሉን ነገርኳቸው፤ ቀሚሱን፣ ካርዱን፣ መርፌውን። «አስመልሳለሁ ብዬ ፈራሁ፣ መምሬ» አልኳቸው።

«ፈርተሽ መቅረትሽ ደግ አደረግሽ» አሉኝ። «ሆድሽ ይዳን፤ ያኔ ትቀበያለሽ። ጽዋው የትም አይሄድም።» ዘውዱን ቀስ አድርገው ከራሴ አነሡ። «ለሰዉ ልንገረው?»

«አይንገሩ። ለሚጠይቀኝ ራሴ እነግረዋለሁ።»

የሚጠይቀኝ ያልኩት አንድ ሰው ነበር።

ግቢው ውስጥ የሕሊና ድምፅ ከማጉሊያው በላይ ይሰማል። «ብያለሁ እኮ! ስድስት ዓመት የአረብ ቤት የኖረች! ደግሞ አስመለሳት አሉ። ማስመለስ የምን ምልክት እንደሆነ ለማን ይነገራል?»

«አፍሽን ሰብስቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው!» አለቻት ኑኑ።

ያኔ እያሱ የቅዳሴ ጸበል ሲቀበል አየሁት። ጸበል ከተጠጣ በኋላ አፍ ይፈታል፣ መናገር ይቻላል። ቆሜ ጠበቅሁት። ጠጣ። ኩባያውን መለሰ። ከንፈሩን ጠረገ። እህቱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ስሜን ጭቃ ውስጥ እየነከረች ነው፤ እሱ የነጠላውን ጫፍ ያስተካክላል። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ውሸት ነው፤ የሱ ዝምታ ዓይኔ እያየ ነቀዘ።

በመጨረሻ ወደኔ መጣ። «ትዕዛዝ» አለኝ። ትዕዛዝዬ ቀርታለች። «እዚህ አል ተዓውን አንድ ክሊኒክ አለ። ብትመረመሪስ? እኔ አምንሻለሁ፣ ለሰዉ አፍ ብዬ ነው።»

«ምኔን ልመርመር?»

ነጠላውን ደግሞ ማስተካከል ያዘ።

«ጥራው እንጂ፣ እያሱ! አፍህ ተፈትቷል አይደል?»

«እርግዝና» አለ፣ ጫማውን እያየ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር። ያ ባል እንኳ አቅም አጥቶ ነው እንጂ፣ ጅቡን «ና፣ ቅመሳት» አይልም። ያን ጊዜ «መርፌ ነው» የምትል አንዲት ቃል ብናገር ነጻ ወጥቼ ነበር። ምርመራ ለጠየቀኝ ሰው ግን ያችን ቃል ነፈግሁት። ዘጠኝ ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት የዞርኩትን ካርድ አውጥቼ ደረቱ ላይ ወረወርኳት።

«ያዘዝከኝን ፈጽሜያለሁ። ቀሚሱ ሆኖኛል። ይኸው፣ ሰው ፊት አላሳፈርኩህም!»

አንሥቶ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። «ይሄ የኔ አይደለም» አለ። «ትዕዛዝ፣ በእመብርሃን፣ ይሄ የኔ ጽሕፈት አይደለም!» ወደ እህቱ ዞረ። «ሕሊና! ቀሚሱን እንድታሰፊላት ልኳን ጽፌ ሰጥቼሽ አልነበረም? በገዛ እጄ ልኳን አልሰጠሁሽም?»

«ለሷው ብዬ ነው» አለች ሕሊና። «ፎቶው ላይ ወፍራ እንዳትታይ... ማለቴ...» አልጨረሰችውም። እያሱ እጄን ሊይዝ መጣ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። በሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እዚህ ላይ ተቃቅፈን ነበር።

«ጽሕፈቱ ያንተ እንዳልሆነ አመንኩህ» አልኩት። «ተመርመር ሳልልህ አመንኩህ። ዝምታው ግን ያንተ ነው።»

ካባውን አውልቄ ሕሊና ክንድ ላይ አደረግሁላትና «ለፎቶው» አልኳት። ከኑኑ ጋር ታክሲ ያዝን። መንገድ ላይ ያለቀስኩት በንዴት ነው አልኳት ለኑኑ። ኑኑ ሞኝ አይደለችም፣ መሀረብ ሰጠችኝ።

ሰኞ ማዳም ፊቴን አይታ ሁሉን ነገር አወጣጣችኝ። መኪና ውስጥ አስገብታ ሐኪሟ ዘንድ እስክንደርስ ሰደበችኝ። «አንቺ መጅኑና፣ አንቺ እብድ! እኔ በሽተኛ ነኝ፣ መድኃኒቴ ነው። አንቺ ምንሽን ያምሻል?» ስትሰድበኝ ታለቅስ ነበር፤ አልተቀየምኳትም። ሐኪሙ ሰውነቴ ውሃ እንዳጣ ነገረኝ፤ የሐሞት ከረጢቴን በማሽን አየና ጠጠር ባለመኖሩ ፈጣሪሽን አመስግኚ አለኝ። መድኃኒቱን ግን አልሰደበውም። «ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ሐኪም እያየው፣ ከትንሹ ተጀምሮ» አለ። «ላንቺ ያዘዘልሽ ፍሪጅ ነው።» ከሰውነቴ ጨርሶ እስኪወጣ ሳምንታት እንደሚፈጅ ነግሮ ሰደደኝ።

እያሱን ስልኬ ላይ ዘጋሁት። በሁለተኛው ሳምንት ኑኑ ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች፤ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ። ጽሕፈቱን ሳይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል። ይህን ጽሕፈት አንዲት ቀን ቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ መርፌ በቀረ።

«ትዕዛዝዬ» ይላል። «መምሬ እሸቱን ብጠይቃቸው ‹እሷን ጠይቅ› አሉኝ። አንቺን መጠየቂያ ፊት ስላጣሁ ኑኑን ለመንኳት፤ ነገረችኝ። አንቺ አክብረሽው ከጽዋው ተመለስሽ። እኔ ተቀብዬ ወጥቼ፣ በዚያው አፌ ያን ቃል ተናገርኩ። ስትከሺ አይቼ ነበር። ቤቱ እየጎደለብኝ ነበር፣ ግን ደፍሬ አልጠየቅሁሽም። ይቅርታን እዚህ አልጽፍም፤ ሰው ፊት የተዋረድሽውን በወረቀት አልክስም። እያሱ።»

አነበብኩት፣ ንቄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ አውጥቼ አነበብኩት። ሌሎች ሦስት መጡ። አንዱንም አልመለስኩም፣ አንዱንም አልቀደድኩም።

ሰኔ ላይ ሆዴ ዳነ። ወር ሙሉ ሳላስመልስ ስቆይ መምሬ እሸቱ «አሁን ቅረቢ» አሉኝ። ቀሚሱን ለማን እንደሰጠሁት አትጠይቁኝ፤ የድሮ ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከሴቶቹ ጋር ተራ ያዝኩ። ሹክሹክታው ከኋላዬ ይመጣል፤ «መጣች፣ ደግሞ አታፍርም» የምትል ድምፅ ለይቼ ሰማሁ። እነዚያው ጉንጬን የሳሙት እናቶች ናቸው።

ወንዶቹ ይቀድማሉ። እያሱ ከነሱ መካከል ነበር፤ ከስቷል። ተራው ደረሰ። መምሬ እሸቱ ፊት ቆመ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ግቢው ተንጫጫ። «እሱም ነበረበት ማለት ነው!» አለ አንዱ። «ለካ የሱ ነው!» አለች ሌላዋ። ሕሊና ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። እያሱ ግን መሬት አላየም። በሰዉ መካከል አልፎ እኔን ፈለገኝ፣ አገኘኝ፣ ዓይኑን ሳይሰብር ዓይኔ ላይ ቆየ። እንዲያ የሚያይ ዓይን እንዳለው አላውቅም ነበር።

እኔ ተቀበልኩ። አፌን ሸፍኜ ወጣሁ። ሆዴ ጸጥ ብሏል።

ደጃፉ ላይ ጠበቀኝ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ያ ድምፅ የማያወጣው እያሱ!

«ከተጣላኸው ሳትታረቅ አትቅረብ ይላል ወንጌሉ። እኔ ካንቺ ሳልታረቅ እንዴት ልቅረብ? አንቺ ንጹሕ ነበርሽ፣ ታመሽ ነው፤ እኔ ነኝ የተጠራጠርኩሽ። ያን ቀን አንቺ ላይ የተከፈተው አፍ ሁሉ ዛሬ እኔ ላይ ይከፈት። ይቅር በይኝ፣ ትዕዛዝዬ።»

መልስ መስጠት አልችልም፤ አፌ ተሸፍኗል። ዓይኔን ብቻ ነበር የሚያየው። ዓይኔን መሬት ላይ ልጥልበት አሰብኩ፣ ያን ቀን እንደጣለብኝ። ሰውን ምን እንደሚያደርገው ስለማውቅ አልቻልኩም።

ጸበሉ ጋ ድረስ ተከተለኝ። ሰዉም ተከተለ፤ ወሬ ሲገኝ ማን ይቀራል። ኩባያውን ተቀብዬ ቀስ ብዬ ጠጣሁ፣ እስከ ጠብታው። አፌ ተፈታ። ሁለት ወር ሙሉ በቃሌ የያዝኩት ስድብ ነበረኝ፤ ከእናቱ ጀምሮ ሕሊና ድረስ የሚሄድ፣ አንድ ቃል የማይዘለል። ልጀምር አፌን ስከፍት ሆዴ ቀደመኝ፤ ከሁዳዴ ወዲህ ጮኾ የማያውቅ ሆድ አጉረመረመ። ከማብሰያው በኩል ሽንኩርት ይቁላላል። ሽታው መጣና አላቅለሸለሸኝም።

«ርቦኛል» አልኩት። «ሂድና ሰልፍ ያዝልኝ።»

እያለቀሰ ሄዶ ከሁሉ ሰው ኋላ ቆመ።